ከእምብርት በላይ አራት ጣት

ፎጣው ወይን ጠጅ ሆነ።

ሉዋ መጀመሪያ ደም መስሏት ደነገጠች። ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። ደም አይደለም፣ ቀለም ነው። ምነው ደም በሆነ አለች በሆዷ። ደም ቢሆን ሮጣ ሰው ትጠራ ነበር።

ዞራ የአባቷን ሆድ አየች። በቅባት ያብረቀርቃል፣ ሜንታ ሜንታ ይሸታል፣ ንጹሕ ነው። ችግሩም እሱ ነው፣ ንጹሕ መሆኑ። ዛሬ ጠዋት እዚያ ላይ ሦስት የመደመር ምልክት ነበረ፤ አንዱ መሀል ሆዱ ላይ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎኑ። አሁን የመሀሉ የለም። የቀኙም የለም። የግራው ቦታ ላይ ብቻ ጥላ ነገር ቀርቷል፣ በደንብ ያልተጠረገ ሰሌዳ ይመስል።

«ጉዴ ፈላ» አለች።

አባቷ ሳው አልሰማትም። ተኝቷል። ከቅዳሜ ወዲህ ሳያቃስት ሲተኛ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ስልኳን አየች። ስምንት ሰዓት ተኩል። የጨረር ተራው አስር ሰዓት ላይ ነው።

ሳው ቆሽቱ ላይ ዕጢ አለበት። ሐኪሞቹ መጀመሪያ እናወጣዋለን አሉ። ከዚያ ፎቶውን አይተው አይወጣም አሉ። ዕጢው ትልቁን የደም ሥር አቅፎ ይዞታል፤ ቢላ ከገባ ሰውየው ከጠረጴዛው ላይ አይነሳም። ስለዚህ ሃያ ስምንት ቀን ጨረር፣ ከጨረሩ ጋር ደግሞ የኬሞ ኪኒን። ኪኒኑ ዕጢውን ያዳክመዋል፣ ጨረሩ የተዳከመውን ይመታዋል። ከደም ሥሩ ላይ ከለቀቀ ያን ጊዜ ምናልባት ኦፕራሲዮን ይሆናል። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ነው «ምናልባት» ያለችው። ሉዋ ቆጥራለች።

ሳው ዕድሜውን ሙሉ በሀው ወንዝ ላይ ከጀልባ አናናስ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። በሽታውንም የተረዳው በአናናስ ነው። «የአናናስን ዓይን ቢላውን አዙረሽ ታወጪዋለሽ፣ ሥጋው ይቀርልሻል» አላት አንድ ቀን። «የኔኛው ግን ዓይኑ ከሥጋው ጋር የተሰፋ ነው።» ብሎ ሳቀ። ሉዋ አልሳቀችም።

ምልክቶቹን የሳሉት ሆስፒታሉ ውስጥ በትልቁ የፎቶ ማሽን ለክተው ነው፣ ጨረሩ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ። እናቷ እሁድ ዕለት ወደ ጀልባው ስትመለስ ለአምስት ቀን ሁሉንም ነገር ለሉዋ አስረክባ ነው የሄደችው። ምን ታድርግ፣ አናናሱ በስሏል፣ ማንንም አይጠብቅም። በሩ ላይ ቆማ ትእዛዝ ደረደረች።

«ኪኒኑ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ቀምሶ። ካተኮሰው አትጠብቂ፣ ወዲያው ሆስፒታል። እና ይቺን ምልክት እንደ ዓይንሽ ጠብቂያት። ሳሙና የለም። ማሸት የለም። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ።»

«ምን አልኩሽ?»

«ማሸት የለም። ኧረ እማዬ፣ አስራ አራት ዓመቴ ነው'ኮ!»

እናቷ አላመነቻትም። የሳውን ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ አራት ጣቷን ሆዱ ላይ አጋደመች። «እዪው። ከእምብርቱ በላይ አራት ጣት። እዚህ ናት። ብትደበዝዝ እንኳ ቦታዋን ዕወቂ።»

ሉዋ ሰምታለች። ሰምታ ነው እንዲህ ያደረገችው።

የሚያድሩት ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ፓጎዳው፣ የመነኮሳቱ ቤተ መቅደስ፣ ለበሽተኛ አስታማሚዎች በነጻ በሰጠው አዳራሽ ውስጥ ነው። አስራ ሁለት ቤተሰብ፣ አስራ ሁለት ሰሌን፣ በመሀል መጋረጃ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳው ሁለት ማንኪያ የሩዝ አጥሚት ቀምሶ ሳህኑን ገፋው። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሉዋ ግንባሩን ነካች፤ ትኩሳት የለም። ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሽሪምፕ ተጠቀለለ።

ከመጋረጃው ማዶ ያሉት እትዬ ታም ብቅ አሉ። ባላቸው ጉሮሮውን ነው የታመመው። እሳቸው ሳይጠሩ የማይገቡበት ቦታ የለም።

«ነፋስ ገብቶበታል!» አሉ። «ፊቱን አታዪም እንዴ? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ፣ ቆመሽ ታያለሽ?»

«ኪኒኑ ነው መሰለኝ እትዬ።»

«ኪኒን ምን አባቱ ያውቃል! አገላብጪው። ሳንቲም አለሽ? እንኪ።» አረንጓዴውን ቅባትና አንድ አሮጌ ሳንቲም መጋረጃው ሥር ወረወሩላት።

ሉዋ ሸሚዙን ገልጣ ጀርባውን ቀባችው። ሳንቲሙን ከአከርካሪው ወደ ጎን፣ አጥንት አጥንቱን ተከትላ ሳበችው። ቀይ ሰንበር ወጣ። ከዚያ ጠቆረ።

«አየሽ? አየሽ?» አሉ እትዬ ታም። «ስንት ቀን የተቀመጠ ነፋስ ነው! እኔ'ኮ ዝም ብዬ አላወራም።»

እስከዚህ ምንም ችግር የለም። ጀርባው ላይ ምልክት የለም። ግን ጀርባ ከተፋቀ በኋላ ሰው ይገለበጣል፣ ሆዱ በቅባት ይታሻል፣ ይሸፈናል፣ ይተኛል። ሁሌ እንደዚህ ነው። ሉዋ ልጅ እያለች ሳው ለእሷ አድርጎላታል። እናቷ ለሳው ታደርጋለች። ይሄ የሚታሰብ ነገር አይደለም። እጇ ራሱ ገለበጠው፣ እጇ ራሱ ቀባው፣ ክብ ክብ እያደረገ አሸው። ሳው «እፎይ» አለ። ያቺ «እፎይ» ደስ አለቻት። ደስ ብሏት ጨምራ አሸችው።

ከዚያ ቅባቱን ልትጠርግ ፎጣ አነሳች።

ለጓደኛዋ ለትሩክ ጻፈችላት። ከትሩክ ሌላ የምትጽፍለት የለም።

«የአባዬን የጨረር ምልክት አጠፋሁት። በቅባት።»

ወዲያው መልስ መጣ። «እንዴዴዴ! ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ፍሬንድ ቀውጢ ነው በቃ። እናትሽ ሰማች?»

«አልሰማችም።»

«እና ምን ችግር አለው? ሳዪዋ! ወይን ጠጅ አይደል ቀለሙ? ያ እኔ የሰጠሁሽ እስክሪብቶ አለሽ አይደል? ከክፍል እንዳንቺ ጂኦሜትሪ የሚስል ማን አለ? ማንም አያውቅም፣ እምልልሻለሁ 😂»

ሉዋ አልሳቀችም። ግን ቦርሳዋን ጎተተች። እስክሪብቶው አለ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ተማሪ የሚጽፍበት ወይን ጠጅ ቀለም። ማስመሪያውም አለ። ቀለሙን ፎጣው ላይ ካለው ጋር አስተያየችው። ያው ነው ማለት ይቻላል።

ሆዱን በደረቅ ጨርቅ ቅባቱ እስኪለቅ ጠረገችው። አራት ጣቷን ከእምብርቱ በላይ አጋደመች። ነጥብ። ማስመሪያ። አንድ መስመር ወደ ታች፣ አንድ ወደ ጎን።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሳው ነቅቷል። ሉዋ ማስመሪያውን አላነሳችም። ካነሳችው ይንሸራተታል።

«አትንቀሳቀስ።»

«ይቀዘቅዛል'ኮ። ምንድን ነው?»

«ምልክቱ ጠፋ። ቅባቱ ነው ያጠፋው። ማለቴ እኔ ነኝ። አላሰብኩም፣ እጄ...»

ሳው ራሱን ቀና አድርጎ ሆዱን አየ። ብዙ አየው። ሉዋ ስድብ ጠበቀች። አልመጣም።

«ከነሱ ያምራል» አለ።

«አባዬ፣ እንንገራቸው?»

«ለማን?»

«ለሐኪሟ። ወይ ለኪየም፣ ማሽኑ ጋ ላለው።»

«ከዚያስ? እንደገና ትልቁ ፎቶ፣ እንደገና ወረፋ። ባለፈው ሲያቆሙኝ ምን ነበር ያልኩት?»

የት ይረሳል። ከዘጠነኛው ጨረር በኋላ ደምህ ወርዷል ተብሎ ስምንት ቀን አቆሙት። ሳው ተነስቶ ወደ ጀልባው ሄደ። እናቷ ሦስት ቀን ለምና፣ በአራተኛው ቀን አልቅሳ ነው የመለሰችው። አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ፣ «አንዴ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ ካቆሙኝ አልመለስም፣ ጀልባዬ ላይ ይለይልኝ» አለ። ሳው የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ዛሬ አስራ ስድስተኛው ነው። አስራ ሁለት ይቀራል።

«ቦታው ባይሆንስ?» አለች ሉዋ።

«ሆዱ የኔ ነው። ጨርሺ።»

«አባዬ...»

«ያለኝ አንድ ቆሽት ነው፣ እሱንም በጭቅጭቅ አታሳርሪብኝ!»

ጨረሰች። ቀኙን ስትስል ልክ እንደ ግራው እንዲሆን በማስመሪያ ለካች። ሲያልቅ ሦስቱም ቀጥ ያሉ፣ ንጹሕ፣ መምህር ቢያያቸው ጎበዝ የሚል ምልክቶች ናቸው።

የጨረር ክፍሉ ኮሪደር ምድር ቤት ነው። ፕላስቲክ ወንበር፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ወፍራም በር፣ ከበሩ በላይ ቀይ መብራት። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር አለ፣ አስታማሚ ከዚያ አያልፍም። ሳው ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ሉዋ አጠገቡ።

ኪየም ከበሩ ወጣ። ወጣት ነው፣ ቀኑን ሙሉ እየቀለደ የሚሠራ። አፍንጫውን ነፋ አደረገ።

«ጋሽ ሳው፣ ዛሬ ደግሞ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታሉ!»

«ሚስት ፍለጋ ነው» አለ ሳው።

«ለእትዬ እነግራለሁ! አምስት ደቂቃ ይታገሡኝ፣ ያለፈው ሰው እየለበሰ ነው።» ወደ ሉዋ ዞረ። «አንቺ ተማሪ፣ ትምህርት የለም እንዴ?»

«ፈቃድ ወስጄ ነው።» ሳው ወደ ግድግዳው እያየ ነው፣ ግን እየሰማ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ሒሳብ ከሆነ አላውቅም።»

«አይደለም። ያ ምልክት... ትንሽ ቢንቀሳቀስ ምን ይሆናል?»

ሳው አሳለ።

«ትንሽ ስንት ነው?» አለ ኪየም።

«እኔ እንጃ። አንድ ጣት።»

«አንድ ጣት ትንሽ ነው?» ኪየም የራሱን ሆድ በጣቱ ወጋ። «ቆሽት እዚህ ጨጓራ ጀርባ ተደብቃ ነው ያለችው። ከሥር አንጀት አለ። አንድ ጣት ዝቅ ካልሽ ዕጢውን ትተሽ አንጀቱን መጥበስ ነው። አንድ ቀን ቢሆን እሺ። ስንት ቀን ከተደጋገመ አንጀት ይቆስላል፣ ይደማል። ዕጢው ደግሞ አርፎ ይቀመጣል።»

«ፎቶ ታነሱ የለ?»

«ሰኞ ሰኞ። በሌላው ቀን ምልክቱን ነው የምናምነው። ለምንድን ነው?»

«ለባዮሎጂ።»

«ጎበዝ። ይምጡ ጋሽ ሳው።»

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ሳው ተነሳ። ነጠላ ጫማውን አውልቆ ወንበሯ ሥር አስቀመጠላት። ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «አፍሽን ዝጊ» አላት። ቁጣ አይደለም። ልመና ነው የመሰለው፣ ሳው ደግሞ ለምኖ አያውቅም። ከዚያ በቢጫው መስመር ላይ አልፎ ገባ። ከኋላው ሲታይ ሸሚዙ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።

ሉዋ እጇን ጭኗ ላይ አየች።

ቀጭን እጅ ነው። የተማሪ እጅ፤ መሀል ጣቷ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አለ። ከእምብርት በላይ አራት ጣት። ጣቶቿን ገጠመቻቸው። የእናቷን እጅ አሰበች፣ ሃያ ዓመት አናናስ የላጠ እጅ፣ እሾሁ ያሳበጠው፣ መገጣጠሚያው እንደ ዝንጅብል የወፈረ። ቀለበት ከገባላት ስንት ዓመቷ። የእናቷ አራት ጣት የሷ ስንት ነው? አራት አይደለም። አምስት ነው።

አንድ ጣት። ወደ ታች።

በሩ መዘጋት ጀመረ። ከባድ ነው፣ በራሱ ጊዜ ነው የሚዘጋው። መብራቱ ገና አልበራም።

ብትናገር ይሄዳል። እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ጀልባው ላይ ይተኛል፣ እናቷም እያየችው ያልቃል። ዝም ብትል ነገ ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል እስከ ሰኞ።

ተነሳች። ቢጫውን መስመር አለፈች።

ኪየም ከበሩ ጎን ባለችው ክፍል ስክሪኖቹ ፊት ተቀምጦ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። አንዱ ስክሪን ላይ ሳው ይታያል፣ ትንሽ ሆኖ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ፣ ሆዱ ተገልጦ።

«እዚህ መግባት ክልክል ነው'ኮ አንቺ...»

ሉዋ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምልክቱን እኔ ነኝ የሳልኩት» አለች።

ኪየም እስክሪብቶውን አየ። እሷን አየ። ስክሪኑን አየ። ቀልድ አልወጣውም።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። በቅባት አሽቼው ጠፋ። የመሀሉ ዝቅ ብሏል መሰለኝ። አንድ ጣት።»

ኪየም ተነስቶ ወደ ሳው ገባ። ሉዋ በስክሪኑ አየችው። ድምፅ የለውም። ኪየም ወደ አልጋው ጎንበስ አለ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ሳው እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ዓርብ ጠዋት ትልቁ ፎቶ እንደገና፣ ሰኞ ጨረር። እስከዚያ ኪኒኑም ይቆማል፣ ያለ ጨረሩ ብቻውን አይወሰድም። «በመናገርሽ ጥሩ አደረግሽ» አለች። ሉዋ ይሄን ለማን ልንገር ብላ አሰበች።

ሲመለሱ ሳው አምስት እርምጃ ቀድሟት ነው የሄደው። መሄድ ያቅተዋል'ኮ፣ ሁለት ቦታ ቆሞ አረፈ። ስትደርስበት እንደገና ቀደማት።

«ተመለሳችሁ? ፈጠናችሁ!» አሉ እትዬ ታም።

ከዚያ የሁለቱንም ፊት አይተው መጋረጃቸውን ዘጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሳው የሸራ ቦርሳውን ከግድግዳው አወረደ። ሸሚዝ አስገባ። ቀጭኑን ብርድ ልብስ አጣጥፎ አስገባ። የሻይ ቴርሞሱን አስገባ። ሉዋ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ አየችው። አትሂድ አላለችም። ብትል ደስ ባላት፣ ግን ያለችው በቂ ነበር ለዛሬ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ጀርባውን ሰጥቶ።

«አባዬ፣ የለካሁት በኔ ጣት ነው።»

«ምን?»

«አራት ጣት። እማዬ የለካችው በሷ ጣት ነው። እኔ በኔ ለካሁት። የሷ ጣት ወፍራም ነው።»

ሳው ቴርሞሱን እንደያዘ ቆመ። የሚለው ነገር ያለ መሰለ። ግን ሕመሙ መጣ። ቴርሞሱን ለቀቀው፣ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ፣ ሆዱን ይዞ ተጎነበሰ። ሉዋ ልትነካው እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው።

ቆየ። እስትንፋሱ ቀስ በቀስ ረገበ። በአንድ እጁ ሰሌኑ ላይ ዳበሰ፣ አረንጓዴውን ጠርሙስ አገኘና አየው። ሊወረውረው ነው ብላ አሰበች። አልወረወረውም። ወደ ኋላ ዘረጋላትና ሸሚዙን ከጀርባው ገለጠ። የቀኑ ሰንበሮች እንዳሉ ናቸው፣ ጠቁረዋል።

«ጀርባዬን ብቻ» አለ።

«ጀርባህን ብቻ።»

ቅባቱን መዳፏ ላይ አደረገች። አጥንቶቹ አንድ በአንድ ተሰሟት። ጎኑ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ወደ መሀል ተመለሰች።

«ዓርብ ስንት ሰዓት አለች?» አለ ሳው። ለግድግዳው ነው የጠየቀው።

«ሁለት ሰዓት። ሳትበላ።»

እሺ አላለም። እምቢም አላለም።

ሉዋ እጇን በፎጣው ጠረገች። ቦርሳው እዚያው በግማሽ ታጭቆ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አልነካችውም። ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ደወለች። መጥራት ጀመረ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። እናቷ እጇን እየጠረገች ይሆናል።

«ሃሎ? ሉዋ? ምን ሆነ?»

«እማዬ» አለች። «ተቀመጪና ስሚኝ።»